ሰዓቱን ከእጅ አንጓችሁ አውልቁት

ትናንት እዚህ ሶማሊላንድ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ይህን የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

«እጅ የማይነካው የምግብ ማብሰያ አፕ» ብለው በስማርት ሰዓት የሚሠራ ነገር ሊያስተዋውቁ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ለዚያ ምግብ ቤት የትእዛዝ አፑን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አስተያየት እንድሰጥ ተጠራሁ። ሰዓቱን ለሼፏ አሰሩላት። እሷ ጥሬ ዶሮ እየበለተች ነው። ሰዓቱ ነዘረና «ቀጥል» የሚል ምልክት አወጣ። «ንኪው» አሏት። «እጄ ዶሮ ነው እኮ፣ በምኔ ልንካው?» አለች። «በጣትሽ ጫፍ፤ ችግር የለም፣ ውኃ አይገባውም» ተባለች። ነካችው። እጇን ታጠበች፤ ሰዓቱን ግን ማንም አላጠበው። ትንሽ ቆይታ ለሰላጣ ቲማቲም ስትከትፍ በታጠበው እጇ ያንኑ ስክሪን ነካችና ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች። ቪዲዮ እየተቀረጸ ነበር። ተጨበጨበ።

«በምኔ ልንካው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው የወጥ ቤት አፕ ሊሠራ አይገባም። ለሙያው ልጆች በቁጥር ላስቀምጥላችሁ።

1. ስክሪን ካስነካ፣ እጅ የማይነካው አትበሉት።

ጥሬ ዶሮ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት «ለምግብ ደኅንነት አምስት ቁልፎች» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ፖስተር ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ጥሬውንና የበሰለውን መለየት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የምግብ ደንብ ደግሞ ምግብ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ከተራ ቀለበት በቀር በእጁም በክንዱም ጌጣጌጥ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ የሕክምና መረጃ የተጻፈበትን አምባር እንኳ አይፈቅድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ማሰሪያው ሥር ላብ፣ ዘይትና ፍርፋሪ ይጠራቀማል፣ እጅ ሲታጠብም ውኃው እዚያ አይደርስም።

«ውኃ አይገባውም» ለሚለው፦ ደረጃው አይፒ 68 ተባለ፣ 50 ሜትር ተባለ፣ ፈተናው የውኃ ግፊት ነው። የሽሮ ድስት እንፋሎት፣ የሳሙና ውኃና የጋለ ዘይት በዚያ ፈተና ውስጥ የሉም። አፕል ራሱ ሰዓቱን ሳውናና የእንፋሎት ክፍል ይዛችሁ አትግቡ ብሎ ይመክራል። ደግሞስ ውኃ ባይገባው ለሼፏ ምን ይፈይዳል? ባክቴሪያው ያለው መስታወቱ ላይ፣ በውጭ በኩል ነው።

2. ደቂቃ ከሌላ አገር አይቀዳም።

አፑ ውስጥ የተጫኑት አሠራሮች ከውጭ የተገለበጡ ናቸው። «ምስሩን 20 ደቂቃ ቀቅሉ» ይላል። የት ሆነን? ውኃ በባሕር ወለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር መፍያው በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሐርጌሳ ከ1,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውኃዋ የሚፈላው 95 ወይም 96 ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። በርበራ ወደብ ወርዳችሁ ብትቀቅሉ 100 ነው። አንዱ ምስር በሦስቱ ከተሞች እኩል አይበስልም። በዚህ ላይ እዚህ ብዙው ቤት ዛሬም በከሰል ነው የሚያበስለው፤ ከሰል ሲያያዝና ሲከስም እሳቱ አንድ አይደለም።

የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ ጭራሽ በደቂቃ አይነገርም። ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ነው ወደሚቀጥለው የሚታለፈው። ይህን ሼፏ በሽታውና በድምፁ ታውቀዋለች። ወጥ ቤት የሚቆም ሰው ምግብ የሚያሳርረው ሙያ ስለማያውቅ አይደለም፤ አራት እሳት በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ነው። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ገብታችሁ እዩት፦ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ፣ ሩዙ ተከድኖ፣ ሾርባው እየፈላ፣ ሻዩ ተጥዶ፣ አስተናጋጁ በር ላይ ቆሞ ይጠራል። ሰዓቱ እዚያ ውስጥ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የተረሳውን እሳት ማስታወስ። «አውጪው» ብሎ ማዘዝ የለበትም፣ «እዪው» ነው ማለት ያለበት። ጊዜውንም የምትሞላው ሼፏ ናት።

3. «በድምፅ አድርጉት።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በየስብሰባው፣ በየውድድሩ፣ ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ምክሩ ይህ ነው፦ «በድምፅ ይታዘዝ፤ አሁን እኮ ኤአይ አለ።»

በየትኛው ቋንቋ? የአፕል የድምፅ ረዳት ሲሪ አማርኛም ሶማልኛም አትሰማም። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር አማርኛን በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ብዙ ሰው ዝርዝሩን አይቶ «ይችላል» ይላል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ባሳተሙት ጥናት ላይ ግን የአማርኛ የቃል ስሕተቱ ከ100 በመቶ በላይ ነው። ከመቶ በላይ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፦ የሳተው፣ የዘለለውና ያልተባለውን የጨመረው ሁሉ ስለሚቆጠር ነው። ዝርዝር ውስጥ መግባት መቻል አይደለም። ይህን ሳያነቡ ምርት የሚያስተዋውቁ ሰዎች ሙያችንን ያሰድባሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ማሽኑ የሚማርበት ድምፅ ጥቂት ነው፣ ያለውም ሌላ ዓይነት ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአማርኛ 20 ሰዓት ገደማ የተነበበ ንግግር ሰብስበው አቅርበዋል፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ተመራማሪ ብዙው ተጠቅሞበታል። ጉግል ያወጣው ፍለርስ የተባለው ስብስብም አማርኛና ሶማልኛ አለው። ሁሉም ግን ተረጋግቶ የተነበበ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔ የማውቀው ወጥ ቤት ውስጥ ጁስ መፍጫው ይጮኻል፣ የጭስ መሳቢያው ያጉረመርማል፣ ሥጋ ይከተከታል። ንግግሩም «ባሪሱ ደረሰ ወይ? ሂሊቡን አውጪው!» ነው፤ በአንድ ትንፋሽ አማርኛና ሶማልኛ፣ አንዳንዴ ኦሮምኛም ታክሎበት። ሩዙንና ሥጋውን በሶማልኛ መጥራት እዚህ ለሚሠሩ የአገራችን ልጆች የዕለት ቋንቋቸው ነው። ይህን የሚሰማ ሞዴል አሳዩኝና ነገውኑ እጭነዋለሁ።

ሌላው ድምፁ የሚተነተንበት ቦታ ነው። ርካሽ ሰዓት ብቻውን አይችለውም፣ ስልኩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሩቅ ሰርቨር ይልከዋል። ወጥ ቤቶች ከጀርባ፣ ከወፍራም ግድግዳ በስተኋላ ናቸው፤ ኔትወርክ እየመጣ ይሄዳል። ዘይቱ ግን አይጠብቅም።

ወደ ድጋፍ ሰጪ ተቋማቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የአፕ ሠሪዎቹ ብቻ አይደለም። የፈጠራ ድጋፍ ቅጽ ስትሞሉ «ኤአይ ትጠቀማላችሁ?» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ካላደረጋችሁበት ነጥብ ይቀነሳል። «ወጥ ቤት ገብታችሁ ሞክራችኋል?» የሚል ሳጥን አይቼ አላውቅም። አንድ ውድድር ላይ ያሸነፈው የምግብ አፕ ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ በእንግሊዝኛ፣ ምንም ድስት በሌለበት ነው የቀረበው። ከዳኞቹ መካከል ምግብ የሚያበስል ባለሙያ አልነበረም። ከዚያ የባሰው የድምፅ መረጃው ነገር ነው። አንድ ተቋም ወጣቶችን ሰብስቦ ብዙ ዐረፍተ ነገር አስነበበን፤ እኔም አንብቤያለሁ። ቅጂው የት ደረሰ ብዬ ስጠይቅ «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» ተባልኩ። ድምፃችን ተሰጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ለሚሠራበት ሰው ግን አልተለቀቀም። የሕዝብን ድምፅ ሰብስቦ መቆለፍ ነውር ነው። ደጋግሜ እለዋለሁ።

  

አሁን ምን ይሠራል ወደሚለው ልሂድ።

መጀመሪያ ሰዎች የያዙትን ሰዓት እዩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 በሲሪዝ 9 ሰዓቱ ላይ ያመጣው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ሁለቴ የማጋጠም ትእዛዝ ድንቅ ሥራ ነው፦ የእጅን እንቅስቃሴና የደም ዝውውሩን ለውጥ አንድ ላይ ያነባል፣ ስክሪን መንካት አያስፈልግም። ግን ጣቶቹ ጭልፋ ከያዙ አይጋጠሙም። ዋጋውንም የወጥ ቤት ሠራተኛ አይችለውም። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሰዓት ደግሞ ሌላ አፕ አይጫንበትም፤ የሚችለው ከስልኩ የመጣን ኖቲፊኬሽን ማሳየትና መንዘር ነው። ስለዚህ የሰዓት አፕ አትጻፉ። አፑ ስልኩ ላይ ይሁን፤ ሰዓቱ የስልኩን መልእክት ተቀብሎ ይንዘር። የሶማሊላንዱ የስልክ ኩባንያ ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ዛድን ሲጀምር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ፣ በአጭር ቁጥር እንዲሠራ አደረገው፤ ዛሬ ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴት ክፍያ የምትቀበለው በእሱ ነው። ሰው እጅ ላይ ላለው ዕቃ መሥራት ማለት ይህ ነው።

መልእክቱን በአማርኛ ብትጽፉት አብዛኞቹ ርካሽ ሰዓቶች የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ሶማልኛው በላቲን ስለሚጻፍ ይታያል፤ የአማርኛ አንባቢዋ ሼፍ ግን ሳጥን ታያለች። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም የሰዓት አምራቾች ፎንቱን አያስገቡም። እኔ ጽሑፉን ጨርሶ ተውኩት። እሳቶቹን ከ1 እስከ 4 ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ቁጥሩ በምድጃው ፊት ለፊት በቀለም ይጻፋል። እሳት 2 መታየት ሲኖርበት ስልኩ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ሁለት ኖቲፊኬሽን ይልካል፣ ሰዓቱ ሁለቴ ይነዝራል። እሳት 4 ከሆነ አራቴ። የሚነበብ ነገር የለም።

የሚነበብ ከሌለ ደግሞ ሰዓቱ እጅ አንጓ ላይ ምን ይሠራል? አውልቁትና ከክርን በላይ፣ ከጋውኑ እጅጌ ሥር እሰሩት። ማሰሪያው ካጠረ ገበያ ላይ ረጅሙ ይገኛል። ንዝረቱ እዚያም በደንብ ይሰማል፤ ዶሮም፣ ቲማቲምም፣ እንፋሎትም አይነካውም፤ እጅ እስከ ክርን በነጻነት ይታጠባል። የደንብ ተቆጣጣሪ ያለበት ወጥ ቤት ከሆነ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። «ታዲያ የልብ ምት አይለካም» ያለኝ ሰው ነበር። ሼፏ የመጣችው የልብ ምቷን ልትለካ አይደለም።

«አይቼዋለሁ» ብሎ መመለስስ? ስልኩ መደርደሪያ ላይ ይቁም፤ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ያለው የቅርበት ዳሳሽ ላይ እጅን ሳያስነኩ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ማሳለፍ ይበቃል። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች እውነተኛ ዳሳሽ ስለሌላቸው በሶፍትዌር ያስመስሉታል፤ እነሱ ላይ ይህ አይሠራም። ያኔ መልስ አትጠብቁ፤ ሰዓቱ ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ያንኑ ንዝረት አንድ ጊዜ ይድገምና ይተው። የማያቋርጥ ንዝረት ሰውን ሰዓቱን አውጥቶ እንዲወረውር ነው የሚያደርገው።

አንድ ነገር ቀረ፣ ኮድ ለምትጽፉት ብቻ። አንድሮይድ ከስሪት 6 ጀምሮ ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ አፖችን ያስተኛል። ከስሪት 12 ወዲህ በትክክለኛው ደቂቃ ለመንቃት ፈቃድ ይጠየቃል፣ በ14 ደግሞ አዲስ ለሚጫኑ አብዛኞቹ አፖች ያ ፈቃድ በራሱ አይሰጥም። ለታይመርና ለማንቂያ አፖች ለብቻው የተዘጋጀ ፈቃድ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። ስልክ ሠሪው የጨመረው ባትሪ ቆጣቢም አለ፤ እሱን ሼፏ ፊት ሆናችሁ እናንተው አጥፉላት። ስትሞክሩት ደግሞ ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ከተያያዘ ቻርጅ ላይ ስለሆነ አይተኛም፤ ስለዚህ ታይመሩ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይደውልላችኋል፣ ወጥ ቤት ሲገባ ግን ይዘገያል። ገመዱን ንቀሉ፣ ስክሪኑን አጥፉ፣ ስልኩን ሳትነኩት አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀምጡትና በሌላ ሰዓት እያያችሁ ጠብቁ። ከዘገየ ለሼፍ አትስጡት።