የስውር ሕግ የቃላት ጨዋታ

የስውር ሕግ የቃላት ጨዋታ አንዱ ተጫዋች የአጻጻፍ ሕግ በልቡ ይዞ፣ ሌሎቹ ቃል እየጠሩ ሕጉን ለማወቅ የሚሞክሩበት ጨዋታ ነው። ሕጉን የያዘው «ይገባል» ወይም «አይገባም» ብቻ ብሎ ይመልሳል። በእንግሊዝኛ የታወቀው ዓይነት «አረንጓዴው የመስታወት በር» ሲሆን፣ በበሩ የሚያልፉት ድርብ ፊደል ያለባቸው ቃላት ናቸው።

ከእንቆቅልሽ ጋር ቢመሳሰልም አንድ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል የሚፈለገው ነገሩ ነው፤ እዚህ ግን የቃሉ ትርጉም ከቁም ነገር አይገባም። ወደ ቅኔ ይቀርባል ማለት ይቻላል። በቅኔ ቤቷ የታወቀችው ዋድላ ከወገል ጤናዋ ደላንታ ጋር ትዋሰናለች፤ እዚያ የሚማር ተማሪም አንዱን ቃል በኅብር ሁለት አድርጎ መስማት ይለምዳል።

የእንግሊዝኛው ሕግ እንዳለ ወደ አማርኛ አይመጣም፤ በፊደላችን የሚጠብቅ ድምፅ ተደርቦ አይጻፍም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ወደሚለው ይጠጋል፤ ጽሑፉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ሕጉ ከፊደሉ ቅርጽ ይወጣል፦ ከሰባቱ አንዱ ድምፅ፣ ዲቃላ ፊደል፣ ወይም የተደገመ ፊደል።

ለምሳሌ ሕጉ «አንድ ፊደል በዚያው ቅርጹ ሁለት ጊዜ ይምጣ» ቢሆን፣ ላሊበላ ይገባል፤ ጅጅጋና አዲስ አበባም ይገባሉ። ላስታ፣ ጎንደርና ወገል ጤና አይገቡም። ይህን የሰማ ተጫዋች «ተነባቢው ይደገም እንጂ ቅርጹ ምንም ይሁን» ብሎ ቢገምት፣ እስካሁን የተጠሩት ስሞች ሁሉ ይስማሙለታል። የሚያጋልጠው ሐረር ነው። «ረ» ግዕዝ፣ «ር» ሳድስ በመሆናቸው ተነባቢው ተደግሟል፣ ቅርጹ ግን አልተደገመም፤ መልሱም «አይገባም» ይሆናል። ደብረ ታቦርም እንዲሁ ይቀራል።

ብዙ ሰው ግን ሐረርን አይጠራም። ግምቱን የሚያጸኑለትን ስሞች ብቻ እየደረደረ «ይገባል» በተባለ ቁጥር ይደሰታል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን ይህንኑ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ አሳይቷል። 2፣ 4፣ 6 ሰጥቶ ሕጉን እንዲያገኙ ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ «በ2 የሚጨምር» ብለው እንደ 8፣ 10፣ 12 ያሉትን እያቀረቡ ተሳሳቱ። ሕጉ «እየጨመረ የሚሄድ» ብቻ ነበር፤ 1፣ 2፣ 3ን አንድ ጊዜ መሞከር በቂ ነበር።

ከመጀመሩ በፊት በሞክሼ ፊደላት ላይ መስማማት ያስፈልጋል። «ሐረር» እና «ሀረር»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ሕጉ «ሐ ያለበት» ከሆነ ጨዋታው በክርክር ያልቃል። በቃል ሲጫወቱ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ፊደል መቁጠር፣ በሰሌዳ ላይ ሲሆን ደግሞ የተጻፈውን ብቻ መዳኘት ይሻላል።