አዋቂዎች ላይ የሚታይ የአዴኖይድ እብጠት፦ አፍንጫና ጆሮ አብረው ሲደፈኑ

አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ በላይ የሚገኝ እጢ ነው። እንደ ቶንሲል ጀርሞችን ይከላከላል፤ ነገር ግን አፍ ቢከፈትም አይታይም። በልጅነት ያድግና ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ላይ አብጦ ሲገኝ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል።

ምልክቶቹ
• ለሳምንታት የማይለቅ የአፍንጫ መታፈን
• ማንኮራፋት፣ በአፍ መተንፈስ፣ ጠዋት የአፍ መድረቅ
• ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ንፍጥ
• የጆሮ መደፈን፣ መጮህ ወይም የመስማት መቀነስ

ጆሮ ለምን ይደፈናል?
መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። ስንውጥና ስናዛጋ ተከፍቶ አየር ያስገባል። እብጠቱ የቱቦውን አፍ ሲዘጋው ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል።

መንስኤዎቹ
አለርጂ፣ ተደጋጋሚ የአፍንጫና የሳይነስ ኢንፌክሽን እና ሲጋራ ማጨስ ይጠቀሳሉ። ኤችአይቪም አዴኖይድን ሊያሳብጥ ስለሚችል ሐኪምዎ ምርመራውን ቢያዝልዎ አይደንግጡ። አልፎ አልፎ አዴኖይድ የመሰለው እብጠት ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ
• ጉንፋን ሳይኖር አንድ ጆሮ ብቻ ተደፍኖ ካልተከፈተ
• ንፍጥ ወይም አክታ ደም ከቀላቀለ
• አንገት ላይ እብጠት ከወጣ
• ፊት ከደነዘዘ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ

እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም። ሆኖም «ሳይነስ ነው» እያሉ አንቲባዮቲክ መደጋገም ጊዜ ያባክናል።

ምርመራና ሕክምና
የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ (ኢንዶስኮፒ) በአፍንጫ በኩል ያያል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። የመስማት ምርመራ ወይም ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል፤ አጠራጣሪ ከሆነ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ሕክምናው እንደ መንስኤው ይለያያል። ለአለርጂ በሐኪም የሚታዘዝ የአፍንጫ ስፕሬይ ይረዳል። ካልተሻለ እጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

በቤትዎ
አፍንጫዎን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተዘጋጀ የጨው ውህድ ይጠቡ፤ ከጭስና ከአቧራ ይራቁ። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችን ከ5 ቀን በላይ አይጠቀሙ፤ መታፈኑን መልሰው ያባብሳሉ።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ችግሩ መቼ እንደጀመረና የትኛው ጆሮ እንደተደፈነ ይናገሩ። አፍንጫዎን ብቻ አሞዎት ቢሄዱም የጆሮዎን ነገር ሳይነግሩ አይውጡ።