ኮምፒዩተሩ ሲታደስ ደብዳቤው ወዴት ሄደ?

በሾላ ገበያ በኩል የሚያልፍ ሰው የበርበሬው ሽታ ሳያስነጥሰው፣ የቂቤው ድርድር ሳያስቆመው፣ የታክሲ ረዳቶቹም «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ጩኸት ጆሮውን ሳይመታው አይቀርም። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ከገበያው ዳር በሚገኙት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ የሚካሄደውን ሌላውን ንግድ ነው። በበራቸው ላይ «ኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፉት እነዚህ ቤቶች የሚሸጡት ቅመም አይደለም፤ ፊደል ነው። ውል የሚዋዋል፣ ማመልከቻ የሚያስገባ፣ ሥራ የሚጠይቅ፣ ለዕድር ደብዳቤ የሚያጽፍ ሁሉ ወደነዚህ ይገባል። ጉዳዩን በቃል ይናገራል፤ በወረቀት ታትሞ ይዞት ይወጣል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንዲት ወረቀት ላባዛ ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። ዝናቡ ስለ ጠና ወዲያው ለመውጣት አልሆነልኝም። ስለዚህም ከዚህ ቀጥሎ የምተርከውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኔ ለማየት በቃሁ።

«አታጥፉ!»

በአግዳሚው ወንበር ላይ አንዲት ቅመም ነጋዴ ወይዘሮ ተቀምጠዋል። የሟች ባለቤታቸው ወራሽ መሆናቸውን ለማስረዳት ለፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ባለ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ከአንድ ቀን በፊት ተጽፎላቸዋል። ነገሩን በቃል እየነገረ ያስጻፈላቸው ልጃቸው ወደ ሥራው ወደ አዳማ ተመልሷል። ያን ዕለት ሊታተም ሲል መብራት ስለ ሄደ «ነገ ይምጡ» ተብለው ነበር። እነሆ መጡ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በማግስቱ ጧት 3 ሰዓት ነው።

ጸሐፊዋ ልጅ «እሺ እማማ፣ አሁን ይወጣልዎታል» ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መለስ ብታደርግ ስክሪኑ መልኩን ለውጦ ቆያት። በመካከሉ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ከሥራቸውም «በመታደስ ላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩን አታጥፉ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፏል። 5 በመቶ አለ። 12 በመቶ አለ። 30 በመቶ ላይ ሲደርስ ግን ጭነት እንደ በዛበት አህያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ልጄ፣ ምን እያለ ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«እየታደሰ ነው እማማ፤ አፕዴት እያደረገ ነው።»

«አሁን ነው የሚታደሰው? ሌሊቱን ምን ሲሠራ አደረ?»

ይህን ጥያቄ በዓለም ላይ ብዙ ሊቃውንት ጠይቀውታል፤ ከዚህ አሳጥሮ የጠየቀው ግን ያለ አይመስለኝም።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቁጥሩ 61 እንደ ደረሰ ከውጭ ነጎድጓድ ተሰማና መብራት ሄደ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ይነሣል፣ ተመልሶም ይወድቃል፤ ይነሣል፣ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው እድሳት ሲቋረጥ መሣሪያው ወደ ቀድሞው ሁኔታው ራሱን ይመልሳል። ይህኛው ግን እንቢ አለ። የተጠራው ባለሙያ መጥቶ ጥቂት ነካካውና «ፎርማት ተደርጎ ዊንዶው እንደ አዲስ ካልተጫነበት አይነሣም» ሲል ፈረደ። ደንበኛ ተሰልፏልና ሁሉም «ቶሎ በል!» አሉት። በሚጠፋው ክፍል ላይ ምን ተቀምጦ እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

የሰዓቱ ነገር

ለመሆኑ ዊንዶው የሚባለው ምንድን ነው? ኮምፒዩተር ራሱ ብረትና መስታወት ነው። ያንን ብረት የሚያዘው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ዋና ፕሮግራም ሲሆን፣ በአገራችን በብዛት የሚሠራበት ዊንዶውስ በመሆኑ ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በሾላ ገበያ ለበርበሬው፣ ለእህሉና ለቂቤው የየራሱ ተራ እንዳለው፣ ይህም ፕሮግራም ለሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ቦታና ተራ ይሰጣል፤ በሩንም ይጠብቃል። ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ቀዳዳውን የሚደፍን ጥገና ከሠሪው ኩባንያ በኢንተርኔት ይላካል። እድሳት ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ እድሳቱ ስለምን በሥራ ሰዓት መጣ? ጸሐፊዋን ብጠይቃት «እኔኮ በሥራ ሰዓት እንዳይነካኝ ብዬ ከ2 እስከ 12 ሞልቼ ነበር» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ጧት ነው፤ 12 ሰዓትም ማታ ነው። ለመሣሪያው ግን ሰዓት የሚቆጠረው በፈረንጅ ነውና ከ2 እስከ 12 ያለችውን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጀምሮ እስከ ቀትር አድርጎ ተረዳው። ከቀትር በኋላ ሥራ የለም ብሎ ራሱን አጥፍቶ መነሣት ጀመረ። መሣሪያውም አልዋሸ፣ ልጅቱም አላጠፋች፤ ያልተገናኙት ሁለቱ የሰዓት አቆጣጠሮች ናቸው። ማድረግ የነበረባት ከጧቱ 8 እስከ ማታው 6 ብላ በፈረንጅ ሰዓት መሙላት ነበር።

ፊደሉ የት ገባ?

ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሆነ። «ዲ» የሚባለው የማኅደሩ ክፍል አልተነካም ነበርና የወይዘሮዋ ማመልከቻ በቦታው ተገኘ። ሁላችንም «ተመስገን!» አልን። ጸሐፊዋ ከፈተችው። ነገር ግን በሦስቱ ገጾች ላይ አንዲት የአማርኛ ፊደል አልነበረችም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ልዩ ልዩ ምልክት እንደ ተበተነ እህል ተደበላልቆ ሞልቶበታል። ወይዘሮዋ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ልጄ፣ ይህ የኔ ጉዳይ ነው ወይስ የፈረንጅ?» አሉ።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ፊደላችንን ከመኪና ጋር ማስማማት ከጥንት ጀምሮ ያደከመ ሥራ ነው። 33ቱ ፊደላት ከነ 7 ቤታቸው ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣሉ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት መምቻዎች ላይ ለማሳረፍ ነበር።

ኮምፒዩተርም ሲመጣ ያው ጣጣ ተከተለ። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች አንድ የፊደል ዓይነት የሚያገኘው ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ከዚያውም ከፊሉ ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዘ ነው። ስለዚህ በአገር ልጆች ድካም የተሠሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በቀድሞው አሠራራቸው አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። ይኸውም ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ የግዕዝን ፊደል ሥዕል ማልበስ ነው። በዚህም ብልሃት ለብዙ ዓመታት ስንት መጽሐፍና ስንት ደብዳቤ ተጻፈ! ሆኖም መሣሪያው በልቡ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ብቻ ነው፤ እኛ አማርኛ ብለን የምናነበው ልብሱን ነው። ልብሱ የሚቀመጠው ደግሞ ከዊንዶው ጋር ነውና ዊንዶው ተፍቆ አዲስ ሲጫን ልብሱ አብሮ ይወልቃል።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ዩኒኮድ የተባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የግል ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3ኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል አስገባ። በጥር ወር 1999 ዓ.ም ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። በኋላ በዊንዶውስ 10 ኒያላ ከዋናው ጭነት ወጥቶ ለፈለገ ብቻ የሚጨመር ሆነ፤ በቦታውም ኢብሪማ የሚባለው ቆመ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የደብዳቤው መልክ ተለወጠበት፤ ቃሉ ግን አልጠፋበትም። በዩኒኮድ የተጻፈ «ሀ» ልብሱ ቢለወጥም «ሀ» ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የወይዘሮዋ ማመልከቻ የተጻፈው በአሮጌው ብልሃት ነበር። ደግነቱ የጎረቤት ጽሕፈት ቤት ያንኑ የፊደል ዓይነት በፍላሽ ይዞ ተገኘ። ፍላሹ ተሰክቶ ፊደሉ ሲጫን ያ ሁሉ የፈረንጅ ድብልቅልቅ በአንድ ዓይን ቅጽበት «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ሆኖ ቁጭ አለ። ወይዘሮዋ ሦስቱን ገጾች ይዘው ሲወጡ ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ ነበር።

ልጅቱ ግን አልዳነችም። በስክሪኑ ፊት ዴስክቶፕ በሚባለው ላይ ታስቀምጣቸው የነበሩት የአራት ዓመት የውል ናሙናዎችና የደንበኞች ጽሑፎች ከተፋቀው ክፍል ጋር ሄደዋል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ባይታደስስ?

ይህን ያየ ሰው «እንግዲያውስ እድሳት የሚባለውን ነገር ዘግቼ እቀመጣለሁ» ሊል ይችላል። በእርግጥም ለቅሬታ ምክንያት አይጠፋም። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም የወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት በአንዳንድ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ የነበሩ ጽሑፎችን ስለ ደመሰሰ ማይክሮሶፍት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለማቆም ተገዷል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ድርጅት የላከው ጉድለት ያለበት እድሳት 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ኮምፒዩተሮችን ስላሰናከለ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን እንመልከት። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም ማይክሮሶፍት አንድ ቀዳዳ የሚደፍን እድሳት አወጣ። ብዙዎች «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ ሳይጭኑት ቀሩ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገባና በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻውም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ ወደ ሌላ ለመላክ ተገደዱ። ሁለት ወር ቀደም ብለው ያደሱት ግን ከዚህ ጥቃት ተረፉ። በየጽሕፈት ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወረው ፍላሽ ስንት ቫይረስ እንደሚጋልብ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በአገራችን ችግሩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የዊንዶውስ 10 ነጻ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አበቃ፤ ለተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ። በቦታው የመጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማኅደር፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያ፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ በጠቅላላው ከ8ኛው ጀነሬሽን ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየጠባቡ ጽሕፈት ቤት ያለው ያገለገለ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ ካላሟላ ለባለቤቱ እድሳት ማለት አዲስ መሣሪያ መግዛት ሆነበት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መብራቱን ልናዝዘው አንችልም፤ የኩባንያዎቹንም ሐሳብ አንለውጥም። በእጃችን ያለው ግን ጥቂት አይደለም።

አንደኛ፣ ማንኛውም እድሳት ከመጀመሩ በፊት ጽሑፎችን ሁሉ በፍላሽ ወይም በሌላ ማኅደር ገልብጦ ከኮምፒዩተሩ አርቆ ማስቀመጥ። ዴስክቶፕ የሥራ ጠረጴዛ እንጂ ሣጥን አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሥራ ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሎ መሙላት። እድሳቱንም እስከ 5 ሳምንት ድረስ ማቆየት ስለሚቻል፣ ደንበኛ በሌለበት በእሑድ ቀን ለማካሄድ መወሰን።

ሦስተኛ፣ በዳታ ጥቅል የሚሠራ ሰው መስመሩ በመለኪያ የሚከፈልበት መሆኑን በማስተካከያው ውስጥ ማሳወቅ። አንድ ትልቅ እድሳት ብዙ ጊጋባይት ይሆናልና፣ ያለዚያ የወሩ ጥቅል ሳይታሰብ ሊያልቅ ይችላል።

አራተኛ፣ ዩፒኤስ ወይም ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ከሌለ ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር እድሳት አለመጀመር።

አምስተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ መጻፍ፤ በአሮጌው ፊደል የተጻፈውንም ለዚሁ በተዘጋጁት ፕሮግራሞች ወደ ዩኒኮድ መመለስ። እስኪመለስም የፊደሉን ዓይነት ከጽሑፉ ጋር በአንድ ፍላሽ ማኖር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው በሾላ ሳልፍ ወደ ቤቱ ጎራ አልኩ። ልጅቱ ፍላሹን በክር አድርጋ በአንገቷ አንጠልጥላዋለች። «በየማታው ሳልገለብጥ በሩን አልዘጋም» አለችኝ። ከግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ጧት 2 ሰዓት ማለት በኮምፒዩተር 8 ነው» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ወይዘሮዋስ? ማመልከቻቸውን በሰዓቱ አስገብተው ወደ በርበሬያቸው ተመልሰዋል።

ቤቱን የሚያድስ ሰው ጣራውን ከመክፈቱ በፊት ዕቃውን ያወጣል፤ ጣራው አሮጌ ነው ብሎም በዝናብ ሥር አይቀመጥም። ኮምፒዩተራችንም እንዲሁ ይታደስ፤ ዕቃችን ግን ይቅደም።