ናሙናን ወደ ቫክዩም ማስገባት፦ ተረትና እውነታ

ንጹሕ የቁስ ገጽን አቶም በአቶም የሚያሳዩ ማይክሮስኮፖች ናሙናቸውን የሚይዙት እጅግ ከፍተኛ በሆነ ቫክዩም ውስጥ ነው። በዚያ ያለው ግፊት ከአንድ ሄክቶፓስካል ቢሊዮንኛ ክፍል ያንሳል። ናሙናው እዚያ ከገባ ቫክዩሙ ቆሻሻውን ሁሉ መጥጦ ያወጣዋል የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ ሥራ ያበላሻል። ፓምፕ የሚያስወግደው ራሱ ጋ የደረሰውን ሞለኪውል ብቻ ነው። ከጣት የተላለፈ ቅባት ናሙናው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀስ እያለ እየተነነም የቫክዩም ክፍሉን በሙሉ ይበክላል። ገጹን የሚያጸዳው ሙቀት ወይም የአርጎን አዮን ድብደባ ነው። ቫክዩም የሚሰጠው ጊዜ ነው፦ የሚያርፍበት ሞለኪውል ሁሉ የሚጣበቅ ከሆነ፣ በአንድ ሚሊዮንኛ ሄክቶፓስካል ግፊት ንጹሕ ገጽ በጥቂት ሰከንዶች ይሸፈናል፤ ግፊቱ 10,000 ጊዜ ሲቀንስ ግን ለሰዓታት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የፓምፑ ሥራ ይቀላል የሚለውን ግምት በጋሞ ዞን መሬት ላይ በቁጥር መመዘን ይቻላል። አርባ ምንጭ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 870 ሄክቶፓስካል ነው፤ ጨንጫ ደጋ ላይ ወደ 730 ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ፓምፑ ግፊቱን ወደ ሺህ ቢሊዮን ጊዜ ያህል መቀነስ ስላለበት የጨንጫ ብልጫ ከቁጥር አይገባም። ይልቅ የሚያሳስበው እርጥበት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ወቅት የተከፈተ ክፍል ግድግዳው ላይ የውሃ ሞለኪውል ይለጠፍበታል፤ ይህን ለማስለቀቅ መሣሪያው ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ተሞቆ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ክፍሉ በደረቅ ናይትሮጂን ተሞልቶ የሚከፈተውም ለዚህ ነው።

ለዓይን የደረቀ ነገር ደርቋል ማለትም አይደለም። የአባያን ሐይቅ ቀይ ቡናማ የሚያስመስለው በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው። ከዚያ ደለል ጥቂቱ በፀሐይ ተሰጥቶ እስኪሰነጠቅ ቢደርቅ እንኳ የሸክላ ማዕድኑ በስስ ንብርብሮቹ መካከል ውሃ ይይዛል፤ ቫክዩም ውስጥ ሲገባ ያንን ለረጅም ጊዜ ይለቃል። እንዲህ ያለ ናሙና በስሱ ተነጥፎ፣ አስቀድሞ ተሞቆ፣ ዋናው ክፍል ከመግባቱ በፊት በሌላ ክፍል ጋዙ እንዲወጣ መደረግ አለበት። የላላ ዱቄት ደግሞ ፓምፕና ቫልቭ ውስጥ ገብቶ ያበላሻል።

ጓንት ማድረግ ብቻውን በቂ አይደለም። በጓንት በር እጀታ ወይም ፊት የነካ ሰው ቅባቱን ወደ ናሙናው ያስተላልፋል። የማይዝግ ብረት ወረንጦም ለሲሊከን አደገኛ ነው፦ በውስጡ ያለው ኒኬል ጥቂት ብቻ ቢነካው፣ ናሙናው ወደ 1,200 ዲግሪ ሲግል ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ገጹ ተመልሶ የሚጠበቀውን ንጹሕ የአቶም ንድፍ ያውካል። ስለዚህ የሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ወረንጦ ይመረጣል።

ናሙናው የሚገባው ሎድ ሎክ በሚባል ትንሽ መግቢያ በኩል ነው። ይህ ክፍል ለብቻው አየሩ ከተሳበ በኋላ ቫልቩ ተከፍቶ በማግኔት የሚነዳ ዘንግ ናሙናውን ያስተላልፋል። ዘንጉ ሲይዝ በጉልበት መግፋት የከፋ ስሕተት ነው፤ ውስጥ የወደቀ ናሙና ክፍሉን መክፈትና መሣሪያውን እንደገና ማሞቅ ሊያስከትል ይችላል፤ የቀናት ሥራ ማለት ነው።

የናሙናው ማሞቂያ እንደጠፋ ናሙናው ወዲያው ይበርዳል የሚለውም ትክክል አይደለም። በቫክዩም ውስጥ ሙቀትን የሚወስድ አየር ስለሌለ ናሙናው የሚቀዘቅዘው በጨረራና ከመያዣው ጋር ባለው ንክኪ ብቻ ነው። ገና ትኩስ ሳለ ለአየር ከተጋለጠ ገጹ በፍጥነት ከኦክሲጅን ጋር ይዋሃዳል። በረድ ብሎ ቢወጣም የጸዳው ገጽ አየር ሲነካው ያው አይሆንም፤ ወደ ሌላ መሣሪያ ንጹሕ ሆኖ መድረስ ካለበት፣ በባትሪ የሚሠራ የራሱ ፓምፕ ባለው የቫክዩም ሻንጣ ይጓጓዛል።