በሮም የመጨረሻ ቀናችሁን እንዴት ታሳልፋላችሁ?

ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ ልጆቹን ለአያታቸው አደራ ሰጥታችሁ ለጥቂት ቀን ሮም ሄዳችኋል እንበል። ትልልቆቹን አደባባዮች አይታችኋል፣ ትሬቪ በሚባለው ምንጭም እንደ ሰዉ ሁሉ ሳንቲም ጥላችኋል። አሁን የቀረው አንድ ቀን ነው፤ አውሮፕላኑ የሚነሣው ማታ ነው። ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ የሚጣሉት በዚህ ቀን ነው። አንዱ «ለዘመድ ስጦታ ሳንገዛ በምን ዓይናችን እንገባለን?» ይላል። ሌላው «ገንዘቡ አልቋል፣ እግሬም ዝሏል፣ ልረፍ» ይላል። ቀኑም በክርክርና ሻንጣ በማሰር ያልቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተጨረሰ ጉብኝት ትዝታ አይተርፈውም።

ሻንጣችሁን ከዋዜማው ማታ እሰሩ። ጠዋት የሆቴሉን ሒሳብ ጨርሱ። ሆቴሉን ከአገር ቤት ከፍላችሁ እንኳ ቢሆን፣ ሮም ውስጥ በእያንዳንዱ ሰው በየሌሊቱ የሚታሰብ የከተማ ግብር ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል ጥቂት ዩሮ አስቀሩ። አብዛኛው ሆቴል ሻንጣችሁን እስከ ማታ ያስቀምጥላችኋል። ፓስፖርታችሁንና ገንዘባችሁን ግን ከራሳችሁ አትለዩ፤ በአውቶቡስና በሜትሮ ኪስ አውላቂ አይጠፋም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቲቶ ቅስት ሂዱ። ቅስቱ ከኮሎሲየም አጠገብ፣ በጥንታዊው የሮም አደባባይ ግቢ ውስጥ ነው። ቲኬቱን አስቀድማችሁ ግዙ፤ ሰልፉ ረጅም ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቲቶ በ70 ኢየሩሳሌምን ያጠፋና ቤተ መቅደሱን ያቃጠለ የጦር አዛዥ ነበር፤ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ቅስቱን ከሞተ በኋላ ወንድሙ ዶሚቲያን ለመታሰቢያው አሠራው። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ተሸክመው ወደ ሮም ሲገቡ ተቀርጿል። በ2012 የመረመሩት ሰዎች መቅረዙ ላይ የቢጫ ቀለም ቅሪት አግኝተዋል፤ ይህም ማለት በዚያ ዘመን እንደ ወርቅ ቀለም ተቀብቶ ነበር ማለት ነው። ኮሎሲየም ራሱ ከዚያ ጦርነት ምርኮ በተገኘ ገንዘብ እንደተሠራ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ።

እዚያ ቆማችሁ ተዑዳት ዜሁታችሁን ወይም የእስራኤል ፓስፖርታችሁን አውጡና ተመልከቱ። የመንግሥቱ ዓርማ የሆነው መቅረዝ ይህ ግድግዳ ላይ የምታዩት ነው። እስራኤል በ1949 ዓርማዋን ስትመርጥ የመቅረዙን ቅርጽ የወሰደችው ከዚህ ቅስት ነው። የሮም አይሁዶች ለብዙ ዘመን ከቅስቱ ሥር ማለፍን እንደ ውርደት ቆጥረው ይተዉ ነበር። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የአይሁድ አገር እንዲቋቋም ሲወስን ግን በቅስቱ ዘንድ ተሰብስበው፣ ምርኮኞቹ ከተነዱበት አቅጣጫ በተቃራኒው አለፉ። የተማረከው ምስል የነፃ አገር ምልክት ሆነ። ለልጆቻችሁ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ፎቶ አንሡላቸው።

ከዚያ ጥቂት በእግር ተጉዛችሁ ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ ትደርሳላችሁ። የሜትሮው ጣቢያ ስም ቺርኮ ማሲሞ ነው። እዚያ የምታዩት ነገር የለም፤ የሄዳችሁትም የጠፋውን ቦታ ለማየት ነው። ሙሶሊኒ በ1937 ከአክሱም ያስወሰደው፣ 24 ሜትር የሚረዝመውና ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነው ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚህ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። ኢጣሊያ ለመመለስ በ1947 ቃል ገባች፤ የመለሰችው ግን በ2005 ነው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተጓዘ፤ በ2008 አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆመ። የዘገየ ቢሆንም ገብቷል።

ምሳችሁን በአይሁድ ሰፈር ብሉ። ወደ ወንዙ በኩል በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ብትችሉ ይህ ቀን ቅዳሜ አይሁን፤ በሰንበት የኮሸር ምግብ ቤቶቹም ሙዚየሙም ዝግ ናቸው። በእኛ ገበያ አርቲሾክ የሚባለውን አትክልት ሙሉውን እንደ አበባ ፈልቅቀው በዘይት ይጠብሱታል፤ የሰፈሩ የታወቀ ምግብ ይህ ነው። የሮም አይሁዶች ቤተ መቅደሱ ከመፍረሱ በፊት ጀምሮ እዚያ የኖሩ ሲሆኑ፣ አሽኬናዚም ሴፋራዲም ያልሆነ የራሳቸውን ሥርዓት ይዘው ቆይተዋል። የአባቶቹን ልማድ ጠብቆ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህን ሰፈር ሊቀ ጳጳሱ በ1555 በግንብ አሳጠሩት። በሩ ማታ ማታ ይቆለፍ ነበር። አይሁዶቹ ሙሉ መብት ያገኙት በ1870 ነው፤ ትልቁ ምኩራብም በ1904 ተመረቀ። በመንገዱ ስትሄዱ ከእግራችሁ ሥር ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ የነሐስ ድንጋዮች ታያላችሁ። በመስከረም 1943 የጀርመን አዛዥ 50 ኪሎ ወርቅ ካላመጣችሁ ሰው እወስዳለሁ አለ። ወርቁ ተዋጥቶ ተሰጠ። ሆኖም በጥቅምት 16፣ በሰንበት ቀን፣ ወታደሮቹ በየቤቱ ገቡ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ፤ የተመለሱት 16 ብቻ ናቸው። ድንጋዮቹን ሳትረግጡ እለፉ።

ስጦታ እዚሁ ሰፈር ግዙ። ለውዝና የደረቀ ፍራፍሬ የገባበት የአይሁድ ጣፋጭ ዳቦ ይሸጣል። ቀላል ነው፣ ኮሸር ነው፣ ለሽማግሌም ለሕፃንም ይሆናል። ወይን ወይም የወይራ ዘይት ከገዛችሁ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ አድርጉት።

ማታ ባቡር የምትይዙት ከተርሚኒ ጣቢያ ነው። ሌኦናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ሳይቆም በ32 ደቂቃ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳችኋል። ወደ እስራኤል የሚበሩ ሰዎች ፍተሻ ረዘም ስለሚል፣ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ሕዝብ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እናንተ ጠይቁ።

ልጆቻችሁ «ምን አያችሁ?» ሲሏችሁ፣ ስለ ሱቁ ከመንገራችሁ በፊት የመቅረዙን ፎቶ ከፓስፖርታችሁ ጎን አድርጋችሁ አሳዩአቸው። አንድ መሆኑን ራሳቸው ያዩታል። መልካም ጉዞ!