ስለ ጡጦ ወተትና ስለ ሕፃናት ክብደት

ጥጃ ሁለት ወር ሳይሞላው የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፤ የሰው ልጅ ግን ለዚሁ አምስት ወር ያህል ይፈጅበታል። የላም ወተት በ100 ሚሊሊትር ውስጥ 3.3 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ፥ የእናት ጡት ወተት 1 ግራም ገደማ ብቻ መያዙም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ እናት «ወተቴ ቀጠነ» ብላ ልትሰጋ አይገባትም።

አንገቱ የማይታይ ሕፃን ሲታይ ጎረቤት ሁሉ «እሰይ፥ እንዴት ተመችቶታል!» ይላል፤ እኛም ብለን እናውቃለን። ነገር ግን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን፥ በቤልጅግ፥ በኢጣልያ፥ በፖላንድና በስፔን የሚገኙ ሐኪሞች ከ1,000 በላይ ጤነኛ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን ፕሮቲኑ አነስ ያለ፥ ለሁለተኛው ከፍ ያለ የዱቄት ወተት እስከ አንድ ዓመታቸው ሰጧቸው። በሁለት ዓመታቸው ሲለኩ ቁመታቸው እኩል ነበር፤ ክብደታቸው ግን ተለያየ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከተመረመሩት መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት፥ ከመጀመሪያው ወገን ከመቶ 4.4፥ ከሁለተኛው ግን 10 ሆነው ተገኙ። ትርፉ ፕሮቲን አጥንትን አላስረዘመም ማለት ነው፤ ይልቁንም ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም በሰውነት ውስጥ ያበዛል፥ ለኩላሊትም ሥራ ይጨምርበታል።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል። በሐኪም ምክር ጡጦ የግድ ሲሆን፥ ዱቄቱ ከቆርቆሮው ጋር በሚገኘው ማንኪያ ሳይከመር ተለክቶ፥ ውሃውም በተጻፈው ልክ ይሁን፤ «ይጠንክርለት» ብሎ ማወፈር ትርፍ ፕሮቲን ያጠጣዋል፥ ለቁጠባ ብሎ ማቅጠንም ያስርበዋል።