ባለ ቀይ ጉልበቷ ታራንቱላ

በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ ባለው ደረቅ ደን ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር አንዲት ታራንቱላ ሸረሪት አለች። ሰውነቷ ጥቁር ሲሆን የእግሮቿ መጋጠሚያ ብርቱካንማ ቀይ ስለሆነ «ባለ ቀይ ጉልበት» ይሏታል። ሸረሪት በቤታቸው የሚያኖሩ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ለጀማሪ ከሚመክሯቸው ዝርያዎች አንዷ ናት፤ ለመናከስ አትቸኩልም፣ ብዙም አታስቸግርም።

ትለምዳለች ማለት ግን አይደለም። አሳዳሪዋን ለይታ አታውቅም፣ መዳበስም አያስደስታትም። እሷን የማኖር ደስታ እጅን ሰብስቦ በመመልከት ነው። እጅ ላይ አውጥቶ ማሳየት ለእንግዳ ትርኢት ቢሆንም ለእሷ አደጋ ነው። ጡንቻዎቿ እግሯን ያጥፉላታል እንጂ ዋና ዋናዎቹን መጋጠሚያዎች የሚዘረጋው በግፊት የሚገባው የሰውነቷ ፈሳሽ ነው። ከከፍታ ወድቃ ስስ ሆዷ ከተቀደደ ፈሳሹ ይወጣል፣ ልትሞትም ትችላለች። ስለዚህ የመስታወት ሳጥኗ ከቁመቱ ይልቅ ወለሉ ይስፋ፤ ለመቆፈር የሚበቃ አፈር፣ የምትሸሸግበት የዛፍ ቅርፊትና የውሃ ሳህን ይኑረው።

ለምግቧ በሳምንት አንድ ጊዜ ፌንጣ ወይም ለመኖ የተረባ በረሮ ይበቃታል። ከቤት የተያዘ በረሮ የነፍሳት መርዝ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል አይሰጣትም። አንዳንዴ ለወራት አፏን ትዘጋለች፤ ውሃ እስካለና ሆዷ እስካልተሸበሸበ ድረስ አያስጨንቅም።

አዲስ አሳዳሪን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ቆዳ የምትለውጥበት ቀን ነው። በጀርባዋ ተንጋላ፣ እግሮቿን ወደ ላይ አድርጋ ለሰዓታት ትተኛለች። ሞተች ብሎ የሚያገላብጣት ሰው ያኔ ይጎዳታል። ከአሮጌው ቆዳ ጋር የመርዝ ጥርሶቿ ሽፋንና የሆድ ዕቃዋ የውስጥ ሽፋን ሳይቀር ተላቆ ይወጣል፤ ቀደም ሲል የተቆረጠ እግር ካላትም በምትኩ አነስ ያለ አዲስ እግር ይዛ ትነሳለች። አዲሶቹ ጥርሶች መጀመሪያ ነጭና ለስላሳ ናቸው። ጠንክረው እስኪጠቁሩ አትመገብም፣ በሳጥኑ የቀረ ፌንጣም መልሶ ሊበላት ስለሚችል ቀድሞ መውጣት አለበት።

ንክሻዋ ለአብዛኛው ሰው ከንብ መንደፍ ብዙም አይብስም። ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባው ሆዷ ላይ ላሉት ጥቃቅን ጸጉሮች ነው። ስትፈራ በኋላ እግሮቿ እየፋቀች ትበትናቸዋለች፤ ቆዳን ያሳክካሉ፣ ዓይን ውስጥ ከገቡ ደግሞ ይሰነቀራሉ። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ የታራንቱላውን ሳጥን ሲያጸዳ የነበረ ሰው በእንዲህ ዓይነት ጸጉር ዓይኑ ተጎድቶ መታከሙን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ዘግቧል። ሲያጸዱ መነጽር ማድረግ የሚመከረው ለዚህ ነው። የአፍሪካና የእስያ ታራንቱላዎች ይህ ጸጉር የላቸውም፤ የአንዳንዶቹ ንክሻ ግን ኃይለኛ የጡንቻ ቁርጠት ስለሚያመጣ ለጀማሪ አይሆኑም።

ሴቷ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ለአቅመ ተዋልዶ በደረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ዕድገታቸው አዝጋሚ በመሆኑ ከዱር በገፍ ሲለቀሙ ቶሎ አይተኩም። በ1985 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ሥር የዋለው በዚህ ስጋት ነበር። ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሸረሪቷ የት እንደተወለደች ይጠይቅ። ከአንድ የእንቁላል ከረጢት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች ስለሚፈለፈሉ በሰው እጅ የተራባች ማግኘት ይቻላል፤ የጥፍር ያህል የሆነችውን ጫጩት የገዛ ሰው ሙሉ መጠኗን ለማየት ግን ዓመታት መጠበቅ አለበት።